አሸብር የሠራው መዝጊያ

ኑሃሚንን ቀኝ ዓይኗን ያሳጣት ዕቃ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። የሠራው ሰው ደግሞ ከአባቷ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ፣ ሥራውንም ያስገኘላት ጋሽ አሸብር ነው።

አሸብር ፒችትሪ ኮርነርስ በምትባል ከተማ በሚገኝ አነስተኛ ኩባንያ ውስጥ ኢንጂነር ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ ችግር ላይ ነው። ኢንተርኔት የሚሮጥባቸው ፋይበሮች እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች ናቸው፤ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ አንዲት ብናኝ መሃላቸው ከገባች ብርሃኑ ይደናቀፋል። እሱ የፈጠረው ኮኔክተር የሚባል ማገናኛ ግን ክሮቹን አያነካካም። ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ሌንሶች ስላሉ ብርሃኑ ሰፋ ብሎ ክፍተቱን ይሻገርና ወዲያ ማዶ እንደገና ይሰበሰባል። አሸብር ይበልጥ የሚኮራው ግን በመዝጊያው ነበር። ኮኔክተሩ ሲነቀል ስስ ብረት ከውስጥ ወርዶ ብርሃኑን ይጋርዳል። ብርሃኑ ዓይን የማያየው ሌዘር ስለሆነ ሰው ይብራ ይጥፋ ለይቶ አያውቅም፤ መዝጊያው የተሠራው ለዚሁ ነው።

ኑሃሚንም ኢንጂነር ናት፤ ሥራዋ ኮኔክተሮቹን መፈተን ነበር። ነቅላ ጫፋቸውን በማጉያ ከማየቷ በፊት ሌዘሩን ማጥፋት አለባት፤ ደንቡ ይህ ነው። ደንበኞች የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ ግን አሸብር ቸኮለ።

«በየጊዜው ማጥፋት ማብራቱን ተይው» አላት። «ሌዘሩ እስኪረጋጋ ስንጠብቅ ቀኑ አለቀ። መዝጊያው ለምን ተሠራ ታዲያ?»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሽ አሸብር?»

«እኔ አይደለሁም እንዴ የሠራሁት?»

አመነችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሙቀት ሊፈተን ከቆየበት ማሞቂያ ሳጥን የወጣ ኮኔክተር ነቅላ ማጉያውን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጋች። ብልጭታ አላየችም፣ አላመማትም፣ አላቃጠላትም። ጫፉ ንጹሕ መሆኑን አይታ ወደሚቀጥለው አለፈች።

በማግስቱ ጠዋት ከምትኖርበት ከሎረንስቪል ወደ ሥራ ስትነዳ የመንገድ ምልክቶቹ የመሃል ፊደል ጎደለባቸው። ቀይ መብራት ይዟት ስትቆም ግራ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። ከፊቷ የቆመው መኪና ጎማው አለ፣ ጎኑ አለ፤ ሰሌዳው ግን የለም። በቦታው ግራጫ ነገር ተንሳፍፏል። ዓይኗን ስታዞር አብሯት ዞረ።

«ሌዘሩ ያቃጠለው የዓይንሽን መሃል ነው፤ የምታነቢበት፣ የሰው ፊት የምትለዪበት» አላት ሐኪሙ። «ዳር ዳሩ ይኖርሻል። መሃሉ አይመለስም።»

አባቷ አቶ ሙላው ኤርፖርት ሹፌር ናቸው። የነገረቻቸውን ደጋግመው ቢሰሙም ሊገባቸው አልቻለም። «ብርሃን ነው ያጠፋው?» አሏት። «ብርሃን ዓይን ያጠፋል?» ልታስረዳቸው ጀመረችና ተወችው።

ኩባንያው ስብሰባ ጠራ። ዳይሬክተሯ በለሰለሰ ድምፅ፣ ደንቡ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ተናገረች። ከዚያ ወደ አሸብር ዞረች። «ከደንቡ የተለየ ነገር ነግረሃት ታውቃለህ?»

አሸብር ጠረጴዛውን እያየ «አልነገርኳትም» አለ። «ደንቡን ታውቃለች።»

ኑሃሚን ፓርኪንጉ ድረስ ተከትላው ወጣች። «ለምን ዋሹ?» አለችው።

የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። «ምርቱ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። አሁን መዝጊያው ችግር አለበት ካልኩ አበቃ። ዕድሜዬን ነው የጨረስኩበት። ብናገር ዓይንሽ የሚመለስ ቢሆን እናገር ነበር።»

«የሚገዙትስ ሰዎች? እነሱም እኮ መዝጊያውን አምነው ነው የሚያዩት።»

«አንዴ ነው የተጣበቀው። ያንቺው ብቻ።»

«አንዴ መሆኑን በምን አወቁ?»

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

በነጋታው ዳይሬክተሯ ዘንድ ገብታ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ጥፋቱ የእሷ ነው ከመባሉ በፊት ሁሉም ባሉበት አንድ ሙከራ ይደረግ። ዓይን በሚሆንበት ቦታ ይህን ብርሃን የሚያይ ካሜራ ይቀመጥ። ተፈቀደላት። ቴክኒሺያኑ ቤኪ ካሜራውን ገጠመ፤ አሸብር እጁን አጣምሮ ጥግ ላይ ቆመ።

ቤኪ ይሰካል፣ ይነቅላል። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ይሰካል፣ ይነቅላል። አሁንም ጥቁር። መዝጊያው አንዴም አልሳተም። አሸብር ትንፋሹ መለስ አለ። «ይበቃል መሰለኝ» አለ።

«የእኔ ከሙቀት የወጣ ነበር» አለች ኑሃሚን። «ዕቃው የሚሠራውም ሰርቨር የሚባሉ ኮምፒውተሮች የሚያግሉት ክፍል ውስጥ ነው።»

ቤኪ ኮኔክተሩን ማሞቂያው ውስጥ አቆየው። አውጥቶ ሰካው፤ ነቀለው። ስክሪኑ መሃል ላይ ነጭ ነጥብ ፈጠጠ። ዳይሬክተሯ ራሷ ሄዳ ሌዘሩን አጠፋችው። ነጥቡ ግን ከስክሪኑ አልጠፋም፤ ካሜራውም ተቃጥሏል።

ኮኔክተሩ ሲከፈት ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሌንሱን የያዘው ማጣበቂያ በሙቀት ላልቶ የመዝጊያውን ጠርዝ ይዞታል። ኑሃሚን አሸብርን ፈለገችው፤ ወጥቷል።

ምርቱ ታገደ፣ ብዙም ሳይቆይ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። አሸብር ተባረረ። ቤኪና ሌሎቹም ያለ ጥፋታቸው ተቀነሱ። ኑሃሚንን ቢሮ ውስጥ እንድትሠራ ጠየቋት፤ እሷ ግን ለቀቀች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአሸብር ሚስት መዓዛ አይታ እንዳላየች አለፈቻት። የስንት ሰው እንጀራ ዘጋች የሚሉም እንዳሉ ሰማች።

አሸብር አንድ እሑድ ቤታቸው መጣ። ከስቷል። አቶ ሙላው ከተቀመጡበት ሳይነሱ ወንበር አሳዩት።

«ዕቃ ይበላሻል» አሉት። «ለእሱ አልተቀየምኩህም። ደንቡን ታውቃለች ስትል ግን፣ እዚያ ብኖር እኔም አምንህ ነበር። የልጄን ቃል ትቼ የአንተን። የተቀየምኩህ ለእሱ ነው።»

አሸብር ወደ ኑሃሚን ዞሮ «መፍትሔውን አግኝቼዋለሁ» አላት። ማጣበቂያው ጨርሶ ይቀራል፤ ሌንሱን ቀጭን የብረት ቀለበት ጨብጦ ይይዘዋል፤ መዝጊያውን የሚነካው ነገር አይኖርም። ጣቶቹን አገጣጥሞ ሲያሳያት ፊቱ በራ፤ ለቅጽበት ጥንት የምታውቀውን ሰው መሰለ። በግራ ዓይኗ ተከታተለችው፤ ስህተት ፈልጋ አላገኘችበትም።

«ይሠራል» አለችው።

«ይሠራል። ግን ፈጠራው የኩባንያው ነው፤ ብነካው ይከሱኛል። እነሱ ደግሞ ቆልፈውበታል።» እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

ሲሄድ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ይቅር በይኝ» አላት።

«አሁን አልችልም ጋሽ አሸብር።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ደረጃውን ወርዶ መኪናውን አስነሣ፤ ከዚያ ወዲያ ቤታቸው አልመጣም።