ከሐይቁ ማዶ የሚታይ ጭስ

ምስማሩን ያየችው ባርኔጣው ከወደቀ በኋላ ነው።

ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ባርኔጣው ግን ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ማውጫው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ፣ ራሱ በሰቀለበት ቦታ ነበር። «በዚህ ቤት ከእርጥበት የሚያመልጥ ግድግዳ ይሄ ብቻ ነው» ይል ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ወለሉ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። አንስታ አራግፋ ልትሰቅለው ቀና ስትል ምስማሩ ዝጎ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኗል፤ ከሥሩም ቡናማ ውኃ ወርዶ ወርዶ ግድግዳው ላይ ጺም አብቅሏል። ዝገት በአንድ ሌሊት አይመጣም። በየቀኑ እዚያው ቆማ እሳት ስታነድ፣ በየምሽቱ ባርኔጣውን «ደህና እደር» ስትለው፣ ምስማሩን አንድ ቀን እንኳ አላየችውም ማለት ነው።

ሴትዮዋ የማትፈራው ነገር አልነበረም። ጀልባ ይሰጥማል ብላ ትፈራለች፤ ዛፍ ጣራ ላይ ይወድቃል ብላ ትፈራለች፤ ዓሣ ስትበላ አጥንቱን እንደ ጠላት ሰላይ አንድ በአንድ ታሳድደዋለች። ሳትፈራው የቀረችው ነገር ቢኖር ጭስ ማውጫው ብቻ ነበር። እሱም ታዝቧት ኖሯል።

ግንበኛውን አስጠራች። የሐይቁ ዳር ሰው «የጣራው ድመት» ይላቸዋል፤ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ መሬት ላይ ሲሄዱ የሚያነክሱ፣ ጣራ ላይ ሲወጡ ግን እግራቸው የሚፈታ ሰው ናቸው። መሰላላቸውን አቁመው ወጡ። እሷ ምድጃው ፊት ተንበርክካ ስትጠብቅ ድምፃቸው በጭስ ማውጫው ውስጥ ወርዶ ከአመዱ መሃል ወጣ።

«እትዬ! ይሰማሉ?»

«በእግዚአብሔር ጋሼ፣ እንዳይወድቁብኝ!»

«ብወድቅ በዚሁ ቀዳዳ ቤት ድረስ እመጣልዎታለሁ፤ አይስጉ። ይልቅ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ምን ዓይነት እንጨት ነው የሚያነዱት?»

ወደ ጎኗ አየች። ከምድጃው አጠገብ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ አለ። ገንዳው ውስጥ ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ደግሞ ስድስት ጉማጅ እንጨት ተነክሮ ተኝቷል። ቀስ ብላ የጠረጴዛ ልብስ አለበሰችው።

«ደረቅ ነው» አለች።

«ይሄማ የደረቅ እንጨት ጥቀርሻ አይደለም። የደረቅ እንጨት እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ይሄ እንደ ሬንጅ ነው የሚለጠፈው። በማን ላይ ተቆጥተው ነው ውኃ የሚያቃጥሉት?»

በማንም ላይ አልተቆጣችም። ነገሩ እንዲህ ነበር።

አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ሴት ልጅ። ልጅቷ ከሐይቁ ማዶ፣ በጀልባ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ታጥፋለች፣ ትጠርዛለች። መጀመሪያ እንደሄደች ሰሞን እናትየው በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ትደውል ነበር። በላሽ? ሹራብ ለበስሽ? ያ ሳል ተወሽ? አንድ ቀን ልጅቷ ስልኳን ሳታነሳ ብትቀር፣ እናት ለማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ደውላ «ልጄ ትተነፍሳለች ወይ?» ብላ ጠየቀች። ኃላፊውም ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት የስልኩን እጀታ አንጠልጥሎ «ትተነፍሻለሽ ወይ እየተባልሽ ነው» አላት። በዚያው ሳምንት ልጅቷ መጣች፤ ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ተናገረች።

«እማ፣ ሞቼ እገኛለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትደውዪልኝ። የምሠራበት ፎቅ መስኮት ወደዚህ ነው። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጭስሽን ካየሁ ደህና ነሽ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ካልደወልኩ ደህና ነኝ ማለት ነው። ተስማማን?»

«እሺ» አለች እናት። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት፣ ብርድ ይሁን ሙቀት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል እሳት ታነዳለች። በበጋ እያላባት ታነዳለች። ልጅቷ መጀመሪያ በየወሩ ትመጣ ነበር፤ ከዚያ በሁለት ወር፤ አሁን ከመጣች ስምንተኛ ወሯ ነው። እናትየው ግን ሌላ ስጋት ያዛት። በዚያ ዳር ሰማዩ ሁልጊዜ ደመና፣ ውኃው ሁልጊዜ ጉም ነው። የደረቅ እንጨት ጭስ ስስ ነው፤ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቢጠፋስ? ልጄ ባታየኝስ? ስለዚህ እንጨቱን መንከር ጀመረች። የተነከረ እንጨት ያለቅሳል፣ ይፏጫል፣ ቤቱን ግማሽ በግማሽ ያፍናል፤ ከላይ ግን እንደ በግ ፀጉር የወፈረ ነጭ ጭስ ይወጣል። እሷም ደጅ ወጥታ አንገቷን ቀና አድርጋ ታየዋለች። «ይኸው፣ ደህና ነኝ» ማለቷ ነው። ከሐይቁ ማዶ መልስ አይመጣም። መልስ አለመምጣቱ ደግሞ በስምምነቱ መሠረት መልስ ነው።

ግንበኛው ከጣራ ወርደው እጃቸውን በጆንያ እየጠረጉ ነገሩን አስረዷት። አናቱ ላይ ያለው የቆርቆሮ ባርኔጣ ተበልቷል፤ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይገባል። ጭስ ማውጫውና ጣራው የሚገናኙበት ጥግ ተከፍቷል። ከውስጥ ደግሞ እርጥቡ ጭስ በጡቦቹ መካከል ያለውን ኖራ አፍረክርኮታል።

«ከላይ ዝናብ፣ ከውስጥ ጭስ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ ይሉ የለ? ሌላ ሁለት ክረምት ቢቆይ ኖሮ ጡቡ ራሱ እርስዎን ሊጠይቅ ይወርድ ነበር።»

«ወይኔ! ታዲያ ሁሉንም በዘይት ቀለም ብንደፍነውስ? ጭራሽ ውኃ እንዳይገባው።»

«እኔ አሁን አፍና አፍንጫዎን ብደፍን ይሻልዎታል? ጡብ ይተነፍሳል እትዬ። የጠጣውን መልሶ ካላወጣ ከውስጥ ይበሰብሳል። የሚወዱትን ነገር እንዲህ አፍነው ነው እንዴ የሚይዙት?»

ሰውዬው የተናገሩት ስለ ጡብ ነው። እሷ ግን ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በአንደኛው የላላውን ኖራ ፍቀው አወጡ፤ ማታ እሳቷ እንደ ልማዱ ነደደ። በማግሥቱ በአዲስ ኖራና በደቃቅ አሸዋ ሞሉት። በጥጉ ዙሪያ ቆርቆሮ አጥፈው አንዱን ጫፍ ከጣራው ሥር፣ ሌላውን ጡቡ ውስጥ ቀበሩት። አናቱን ከመሃል ወደ ዳር አዘቅዝቀው፣ በላዩ አዲስ ባርኔጣ ደፉለት፤ የሐይቁ ነፋስ የሚመጣበትን ጎኑንም ዘጉት። ሲጨርሱ የረጠበ ጆንያ አለበሱት። ኖራ በችኮላ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው።

«እንግዲህ ሰባት ቀን እሳት የለም» አሉ።

«ማታ ማታ ትንሽ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻ?»

«አንድ ክብሪት እንኳ። ሙቀት ካገኘው ልፋቴ ገደል ገባ። ከሰባት ቀን በኋላም ደረቅ እንጨት ብቻ።» ሲወጡ መዝጊያውን በትከሻቸው ገፉት። በእርጥበት አብጦ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው አንድ ጣት ያህል ይጎድላል። «ይሄንንስ? መላጊያዬን ይዤአለሁ፤ ያበጠውን ልላግለት?»

«ይቆይ፣ ጋሼ።»

ያ በር ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ አንዱ በትከሻው ሲገፋ ሌላው መቀርቀሪያውን ይወረውራል። ልጅቷ ለመጨረሻ ጊዜ መጥታ ከሄደች ወዲህ ተቀርቅሮ አያውቅም። ሴትዮዋ ማታ ማታ ወንበር ታስደግፍበታለች፤ ወንበሩ ላይ ድስት፣ ድስቱ ላይ ክዳን ትደረድራለች፤ ሌባ ከመጣ እንዲንኳኳ። ፈሪ ሴት ናት፤ መቀርቀር ትወዳለች። ግን ይህ በር አንድ ሰው ብቻውን የሚዘጋው በር እንዲሆን ሆዷ እምቢ አለ።

ግንበኛው እንደሄዱ ስልኳን አነሳች። «ጭሱ የጠፋው ለጥገና ነው» ብሎ መናገር ከስምምነቱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ጣቷ ቁጥሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ለእናት አይገባም ብላ ልታባርረው ሞከረች፤ አልሄደላትም። ጭሱ ቢጠፋ የሚያስተውል ሰው አለ ወይ? ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ እንጨት ስታስለቅስ፣ ከዚያ ማዶ መስኮቱ ላይ የሚቆም ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም?

ስልኳን አጥፍታ ከማንኪያዎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያጠፋችው እጇ እንዳያስቸግራት፣ እንዳትደውል ነው። እንዳይደወልላትም ጭምር መሆኑ ያን ጊዜ አልታሰባትም። ወይም ታስቧት ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻሿን ደርባ ደጅ ወጣች። ጭስ ማውጫው ጆንያውን ለብሶ ዝም ብሏል። የመጨረሻዋ ጀልባ ጡሩምባዋን ነፋች፤ ሰዎች ወረዱ፣ በየቤታቸው ገቡ። «በአንድ ቀን ማን ይመጣል!» አለች። በሁለተኛው ቀን «ሥራ በዝቶባት ነው» አለች። በሦስተኛው ቀን እስኪጨልም ደጅ ቆመች። ቤቱ ውስጥ ብርዱ ገባ፤ ባርኔጣውን ከጠረጴዛው አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ነገር ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው ብላ አሰበች። ወይ ልጄ አንድ ነገር ሆናለች፤ ወይ ልጄ ደህና ናት፣ ግን ወደዚህ አታይም። የትኛው እንደሚብስ ለመወሰን ሌሊቱ አልበቃትም።

በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ምድጃው ውስጥ እንጨት ደርድራ፣ ክብሪቱን ይዛ ተንበረከከች። ኖራው ይሰንጠቅ። ጡቡ ይውረድ። ጭሱ ካለ ቢያንስ «ታየኛለች» ብላ ራሷን ማታለል ትችላለች፤ ያለ ጭስ ግን ማታለያም የላትም። ክብሪቱን ጫረች፤ እርጥብ ነበር፣ ተሰበረ። ሁለተኛውን ልትጭር ስትል ጡሩምባው ተሰማ። ወደ መስኮቱ ሮጠች።

ከጀልባዋ ሦስት ጃንጥላ ወረደ። አንደኛው ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ሁለተኛው ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ታጠፈ። ሦስተኛው ትንሽ ቆመና ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ሄደ። ወደ እሷ ቤት የሚያመጣው መንገድ ባዶውን ቀረ፤ ዝናብ ብቻ ይሄድበታል።

ክብሪቱን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ለማን ይነዳል? ወንበሩን በሩ ላይ አስደገፈች፤ ድስቱን፣ በድስቱ ላይ ክዳኑን። ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ይሁን ከዚያ በላይ አታውቅም።

ድንገት በሩ ዷ! አለ። ወንበሩ ተገለበጠ፣ ድስቱ ተንከባለለ፣ ክዳኑ ወለሉ ላይ እየተሽከረከረ ጮኸ። ሴትዮዋም ጮኸች። የገባውም ሰው ጮኸ።

«አለሽ እንዴ? እማ! በሕይወት አለሽ?»

ልጅቷ ናት። ጃንጥላዋ ተገልብጧል፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል።

«አለሁ» አለች እናት።

«ታዲያ ጭስሽስ?»

«ጋሽ ድመት ከለከሉኝ። ኖራው እስኪጠነክር ነው።»

«ስልክሽስ?»

«ከማንኪያዎቹ ጋር ነው።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተበላሽቶ ለቅሶ ሆነ። «እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄጄ አልጋ ላልጋ እየዞርኩ ስፈልግሽ ነበር! እዚያ ከሌለች ብዬ… ወዲህ ስመጣ ወደ መቃብር ቦታው እያየሁ ነው የመጣሁት፣ አዲስ አፈር ካለ ብዬ!»

ዘር ከልጓም ይስባል። እናት አጠገቧ ተቀምጣ እርጥብ ጫማዋን ትፈታላት ጀመር።

«አይተሽው ነበር?» አለች ቀና ሳትል። «ጭሱን… ታዪው ነበር?»

«እንዴት አላየው! ሥራ ቦታ ‹የእናትሽ ፋብሪካ› ነው የሚሉት። ሲጀምር ሰዓታቸውን ያስተካክሉበታል። በመጀመሪያው ቀን ‹ፋብሪካው ቆመ› አሉኝ፤ እኔ ግን ከእነሱ በፊት አይቼ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ገበያ ሄዳ ይሆናል አልኩ። በሁለተኛው ቀን አጥፌ የጨረስኩትን መልሼ አጠፍኩት። በሦስተኛው ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ዛሬ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ነው የመጣሁት።»

«ስምንት ወር አልመጣሽም።»

«ጭስሽ በየቀኑ ደህና ነኝ ይለኝ ነበራ!»

እናት ጫማውን ይዛ ቀረች። ያን ሁሉ እንጨት ነክራ፣ ያን ሁሉ ጭስ አወፍራ፣ ልጇን በገዛ እጇ «አትምጪ፣ አያስፈልግም» ስትላት ኖራለች።

«ከእንግዲህ አይታይሽም» አለች። «ደረቅ እንጨት ብቻ ተብያለሁ፤ ስስ ነው።»

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እንግዲያው ደውዪ። በቀን አንዴ።»

«ሦስቴ።»

«አንዴ አልኩ፣ እማ።»

«ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፤ ያው አንዴ አንዴ ነው።»

«ወይ አንቺ! ነገ በጠዋቷ ጀልባ ነው የምመለሰው፤ ከአሁኑ አታድክሚኝ።»

ነገ። እናት ቃሉን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ብርድ ልብሱን አመጣች፤ እንድትቀመጥም ባርኔጣውን ከሌላኛው ወንበር ላይ አነሳችላት። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፤ በጭስ ማውጫው ግን አንድ ጠብታ አልወረደም። ሁለቱም አዳመጡ።

«ነፋሱ ይገባል» አለች ልጅቷ። «በሩን ልዝጋው?»

«ብቻሽን አይሆንልሽም።»

እናት ሄዳ ትከሻዋን መዝጊያው ላይ አሳረፈች፤ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ገፋች። ልጅቷ መቀርቀሪያውን ያዘች።

«ትንሽ ጨምሪ፣ እማ… ትንሽ… ደረሰ!»

ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭ ብሎ ገባ።