በአውራ ጣት መቁጠር

በፊዚዮሎጂ ክፍላችን ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ነበርን። የላብራቶሪ ሥራ ደግሞ በጥንድ ነው፤ አንዱ ክንዱን ይሰጣል፣ ሌላው ይለካል። ሁሉም የየራሱን ሰው ይዞ ሲቀመጥ ትርፏ እኔ ሆንኩ። ማንም አልጠላኝም። ቢጠሉኝማ የማኮርፈው ሰው እንኳ አገኝ ነበር።

ስለዚህ ራሴን በራሴ ለካሁ። የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ በጥርሴ እየጎተትኩ ክንዴ ላይ እጠመጥማለሁ፣ ማዳመጫውን ከሥሩ እሸጉጣለሁ፣ በተረፈችው እጄ እነፋለሁ። ዕቃ የሚያድሉን የላብራቶሪው ሠራተኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሲያዩኝ አንጀታቸው አይችልም።

«ነይ እስቲ፣ የኔን ክንድ ለኪ» ይሉኛል።

«ተዉት ጋሼ፣ ለምጄዋለሁ» እላለሁ። ችግር ነው፣ ኩራት አለብኝ።

እናቴ በሳምንት አንዴ ትደውላለች። ከጤናዬ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ያው ነው።

«ጓደኛ አገኘሽ ልጄ?»

«ኧረ ሞልተዋል እማዬ። አላስጠና ብለውኛል።»

«እሰይ» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ ክፍሌ ጭር ይላል።

በሴሚስተሩ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ክፍል የተዛወረች ባለመነጽር ልጅ መጣች። መምህራችን ወደኔ ላኳት። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ወዲያው ዞረው «ካልተመቸሽ ከኛ ጋር ሁኚ፣ ለሦስትም ይፈቀዳል» አሏት። እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ።

«እናያለን» አለች።

ያቺ «እናያለን» ገብታኛለች። ዛሬ ሥራው ከተበላሸ ልጅቷ ሄደች ማለት ነው፤ እኔም ወደ ጥርሴ።

የዕለቱ ሥራ የልብ ምት ነበር። ሰውየው አርፎ ሲቀመጥ ይቆጠራል፤ ከዚያ እንጨት ሳጥን ላይ እየወጣ እየወረደ ካላበው በኋላ እንደገና ይቆጠራል። የእጇን አንጓ ያዝኩ። የሰው እጅ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ ነው! ሰባ ሁለት ቆጠርኩ። የኔም ጠዋት ሰባ ሁለት ነበር።

«እኩል ነን» አልኳት። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ሳጥኑ ላይ ወጣች፣ ወረደች። ላብ በላብ ሆና ስትቀመጥ እንደገና ቆጠርኩ፤ ሰባ አራት። እሱኑ ጻፍኩ።

መምህራችን መጥተው ወረቀቱን አዩ፣ የልጅቷን ፊት አዩ።

«እንዲህ እያለከለከች ሰባ አራት? በየትኛው ጣትሽ ነው የያዝሻት?»

አውራ ጣቴን አሳየኋቸው።

«አውራ ጣት የራሱ ምት አለው እኮ። የራስሽን ልብ ነው የቆጠርሽው። እስከዛሬ ማንም አላረመሽም?»

ማን ያርመኝ? እስከዛሬ አንጓውም የኔ፣ አውራ ጣቱም የኔ ነበር፤ የቱንም ብቆጥር ልክ ነው የሚመጣው። ከፊቴ ያሉት ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ያሳፈረኝ ስህተቱ አይደለም። «እኩል ነን» ማለቴ ነው።

ልጅቷ መነጽሯን አውልቃ ላቧን ጠረገች። ሁለቱ ሴቶች ወንበር ሳቡላት። ስትነሳ ላለማየት ደብተሬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ተነሳችም፤ የሄደችው ግን ወደ ሳጥኑ ነው። እንደ አዲስ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች። ከዚያ ተመልሳ እጇን ዘረጋችልኝ።

«በይ ቶሎ በይ። አሁን የኔን ቁጠሪ።»

በሁለት ጣቴ ያዝኳት። ምቷ ሩጫ ነው፤ ከኔ ጋር በምንም አይገናኝም። የሰው ልብ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላና መሃል ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

«ጠፋብኝ» አልኳት።

«አንቺ ልጅ ልትገድይኝ ነው» አለችና እያጉረመረመች ወደ ሳጥኑ ተመለሰች።

እሁድ እናቴ ደወለች።

«ጓደኛ አገኘሽ ልጄ?»

እንደ ሌላ ጊዜው «ሞልተዋል» አላልኩም።

«አንዲት ሳላገኝ አልቀርም» አልኳት።

«እነዚያ ሁሉስ የት ሄዱ?» አለችኝ።