የከውሰር መልእክቶች

ማናልሞሽ ቴፒ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነበረች፤ ረዳት የላትም። በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ዝናቡ መብራት ሲያጠፋባት ይውላል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ተማሪው ሁሉ ቪዲዮ ላይ ይረባረባል። መስመሩ ከመጨናነቁ የተነሳ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ድረ ገጽ አልከፍት አሉ። በመጨረሻ ዲኑ አቶ ኃይለጊዮርጊስ አስጠርተው፣ «ከትምህርት በቀር ሁሉንም ዝጊው» አሏት።

ዘጋችው። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ በትንንሽ ፓኬት ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። የኔትወርኩ በር ጠባቂ የሆነው ፋየርዎል የእያንዳንዱን ፓኬት ላኪና ተቀባይ፣ የሚገባበትንም በር አይቶ በተጻፈለት ሕግ መሠረት ወይ ያሳልፋል ወይ ይጥላል። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ከፍቶ አያይም።

ከዚያ ወዲህ «ክፈችልኝ» ባይ ከደጇ አልጠፋ አለ። «ትእዛዝ ነው» ማለት ሰለቻት፤ ቀና ብላ ማየትም ተወች።

አንድ ቀን ከኮሌጁ ወጥ ቤት እትዬ ጀውሃራ መጡ። ልጃቸው ከውሰር ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራለች፤ ድምጿን የሚሰሙት በኮሌጁ ኢንተርኔት ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ከውሰር ከጠፋችብኝ ሰነበተች። ታማብኝ ይሆን?»

ማናልሞሽ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የእሳቸውን ስልክ ብቻ የሚያሳልፍ ሕግ ጻፈች። ጠበቁ፤ ምንም የለም። ድካም አሳስቷት ከሁሉም በታች ጽፋው ኖሯል። ፋየርዎሉ የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ «የቀረውን ሁሉ ጣል» የሚለው ላይ ከደረሰ ከሥሩ ያለውን አያየውም። አንስታ ከላይ አደረገችው።

ስልኩ ተንጫጫ። ታግደው የከረሙት መልእክቶች ተከታትለው ገቡ፤ የመጨረሻውን ማናልሞሽ አነበበችላቸው። «እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽኝ? ተቀየምሽኝ እንዴ?»

እትዬ ጀውሃራ ደወሉ። ከውሰር እያለቀሰች አነሳች። እናትና ልጅ ሲላቀሱ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ገቡ።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ። ይዘጋ ካሉም እርስዎ ይንገሯቸው።»

ዲኑ እናትየዋን አዩና አንገታቸውን ደፉ። «ለእሳቸው ብቻ ይሁን» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ጥበቃው በላይነህ ስልኩን ይዞ ደጇ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከኋላው ሌሎችም አሉ።

«ወንድሜ ሱዳን ነው» አላት።

ማናልሞሽ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። ትእዛዝ ነው ለማለት አቅም አልነበራትም።

«አምጣው እስቲ» አለችው።