በወሰኑ ላይ የተሠራው ቤት

«ልጄ፣ የወንድምሽን ጫማ ላውልቅለት ወይስ አብሮት ይቀበር?» አለቻት ጎረቤቷ ሲግኔ።

ጉንቮር ዓይኗን ከጫማው ላይ አልነቀለችም። ትናንት ረፋድ ላይ ኤይቪንድ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈሩ ተናደበት፤ ጎረቤት ደርሶ ሲያወጣው ነፍሱ አልነበረችም። ጠዋት ሲወጣ «ዛሬ ውሃ ካጣሁ ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ገንፎውን አቅጥነሽብኛል» ብሎ አሹፎባት ነበር። እንዲህ እየቀለደ የወጣ ሰው እንዴት ይሞታል? ድንጋጤው እንባዋን እንኳ አድርቆባታል።

በአሜሪካ፣ በዳኮታ ሜዳ የሰፈሩት የአገሯ የኖርዌይ ሰዎች በየጋሪያቸው መጡ። ሴቶቹ የድንች ቂጣ ይዘው፣ በቆርቆሮ የፈላ ቡና እየቀዱ ያንሾካሹካሉ። ምስኪን፣ ያለ ወንድም ቀረች፤ ደግነቱ የራሷ መሬት አላት፣ ባል አታጣም አሉ። አንዷማ ሬሳው ሳይወጣ ሚስት የሞተችበትን የገዛ ወንድሟን ልጅ ማሞገስ ጀመረች።

ኤይቪንድ ወንድሟ አይደለም። ከባሕር ማዶ፣ በእናቷ ደብር ቄስ ፊት ያገባችው ባሏ ነው። እዚህ ሲደርሱ መንግሥት ለባልና ሚስት አንድ የመሬት ይዞታ፣ ላላገባች ሴት ግን የራሷን እንደሚሰጥ ሰሙ። ወንድምና እህት ነን ብለው ጎን ለጎን ሁለት መሬት አስመዘገቡ። ሕጉ እያንዳንዱ በየመሬቱ ይደር ስለሚል፣ ቤቱን ልክ ወሰኑ ላይ ሠሩት፤ አንዱ አልጋ ከምድጃው ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። እንግዳ ሲመጣ ኤይቪንድ «እህቴ ስታንኮራፋ እኔ መሬት ድረስ ይሰማል» እያለ ያስቃል። እንግዳው ሲሄድ አንደኛው አልጋ ባዶውን ያድራል።

የጉንቮር ይዞታ የሚጸናው በመጪው መኸር ነው። ያላገባች መሆኗን የሚምሉላት ሲግኔና ባሏ ኦስሙንድ ናቸው። ዝም ካለች መሬቱ ይተርፋታል። ከተናገረች ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ፤ ባሏም የሞተው ለዚያ መሬት ነው።

ሽማግሌው ኦስሙንድ የሬሳ ሣጥኑን ክዳንና መዶሻ አመጣ።

«በይ ጉንቮር፣ ወንድምሽን ተሰናበቺው።»

አፏን ከፈተች። በገበያውም በቤተ ክርስቲያኑም ስትለው የኖረችው «ወንድሜ» አልወጣ አላት።

«ባሌ ነው» አለች።

የወንድሟን ልጅ ስታሞግስ የነበረችው ሴት ስኒዋን እንደያዘች ቀረች። ኦስሙንድ መዶሻውን ያገላብጥ ጀመር።

«ሐዘን ያስቀባጥራል፣ ልጄ» አላት በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ምንም አልሰማሁም። ሲግኔም አልሰማችም።»

እያዘነላት መሆኑ ገብቷታል። በሩን ክፍት ትቶላታል፤ ዝም ብቻ ብትል ይበቃል።

ጉንቮር በጀርባዋ የለቀቀችውን የልጃገረድ ጉንጉን በሁለት እጇ ሰበሰበች። በአገራቸው ባለትዳር ሴት እንደምታደርገው አናቷ ላይ ጠቀለለችው። እንባዋ አሁን ገና መጣ። ከትከሻዋ ሻሿን አንሥታ ፀጉሯን ሸፈነችና ከአገጯ ሥር ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

«አሁን ይዝጉት፣ አባባ ኦስሙንድ።»