ሁለተኛው ፍሬን

አስተማሪው በእሱ በኩል ያለውን ሁለተኛውን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሉ ሲረግጠው፣ መንገድ ይሻገር የነበረው ሰውዬ ቀድሞ ወድቆ ነበር። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች፤ ሞተሩም ጠፋ። አንድ የቀለም ባልዲ እየተንከባለለ ሄዶ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨና ነጭ ቀለሙን አስፋልቱ ላይ ዘረገፈው።

"ገደልኩት!" አለች መሪውን የያዘችው ተማሪ። "ጋሼ፣ ሰው ገደልኩ!"

"እጅ ፍሬን ሳቢ። ቁልፉን አጥፊ። ተረጋጊ።"

ይህን ያለው አፉ እንጂ እሱ አልነበረም። መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በየወሩ ለአዲስ ገቢዎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፍላቸዋል፦ አደጋ ሲደርስ ቁም፣ ሞተር አጥፋ፣ ተጎጂውን እርዳ፣ አምቡላንስና ፖሊስ ጥራ፣ መኪናውን ከቦታው አታንቀሳቅስ፣ የሆነውን እንደሆነው ተናገር። ተማሪዎቹ "ጋሽ ፍሬን" የሚል ስም ያወጡለት በከንቱ አይደለም። በዚህ ሁሉ ዓመት እሱ ጎን የተቀመጠ ተማሪ ድመት እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ሚስቱም ይህንኑ ለጎረቤት ሁሉ አፏን ሞልታ ታወራለች።

እየደወለ ወርዶ ሮጠ። የወደቀው ስድሳ ዓመት የሚሆነው ቀለም ቀቢ ነው፤ ቱታው ከላይ እስከ ታች ተዥጎርጉሯል። ዓይኑ ክፍት ነው። ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች፣ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ሊነሳ ሲታገል አስተማሪው ትከሻውን ያዘው።

"አይንቀሳቀሱ አባቴ። አምቡላንስ እየመጣ ነው።"

"ባልዲውን አቅናልኝ እባክህ" አለ ሰውየው። "ግድግዳውን ግማሽ ላይ አቋርጬ ነው የወጣሁት። ያ ቀለም ካለቀ ሁለት መልክ ያወጣል።"

አቀናለት። ከሥሩ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ተመልሶ ሲንበረከክ ሰውየው እጁን ጭምቅ አድርጎ ያዘው።

"ተማሪ ናት አይደል?" አለ ጥርሱን ነክሶ። "አይዞሽ በላት። አይታኝ ነበር እኮ። ቀስ ብላ እለፉ ብላ በእጇ አሳየችኝ። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ።"

አስተማሪው ምን እንደነካት ያውቃል። ከአምስት ደቂቃ በፊት አደባባዩ ላይ ነበሩ። ከኋላ ክላክስ ሲበዛባት ተማሪዋ ፈርታ ቆመች፤ ሦስት ጊዜ ክፍት መንገድ አሳለፈች። እሱም ጮኸባት። "ሂጂ ስልሽ ሂጂ! ፈተና ላይ ማን ቆሞ ይለምንሻል?" ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለችም። የእግረኛ መሻገሪያው ጋ ደርሳ ፍጥነቷን ስትቀንስ እሱ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ ቀጣዩ ተማሪ ሩብ ሰዓት ጠብቆታል። ደግሞ ፈራች ብሎ አሰበ። ቀና እንኳ ሳይል "ሂጂ!" አላት። እሷም ሄደች። ሁለተኛው ፍሬን ላይ መሆን የነበረበት እግሩ ወንበሩ ሥር ታጥፎ ነበር።

አምቡላንሱ ሰውየውን ይዞ ሲሄድ ጎማው ቀለሙን ረግጦት ስለነበር መንገዱ ላይ ነጭ መስመር እየጣለ ራቀ። ተጠርታ የመጣች የትራፊክ ፖሊስ የመኪናዋን ዙሪያ በጠመኔ አሰመረች፤ በሜትር ለካች፤ ፎቶ አነሳች።

"ማን ነበር የሚነዳው?"

"እኔ ነኝ" አለች ተማሪዋ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ነዳጅ ረገጥኩ።"

ፖሊሷ ወደ አስተማሪው ዞረች። "እርስዎስ ምን አዩ?"

"ድንገት ነው የሆነው" አለ። ድንገት መሆኑስ ድንገት ነው። ሰሌዳው ላይ ከሚጽፋቸው ውስጥ የመጨረሻዋን ግን ዘለላት።

ፖሊስ ጣቢያ ኮሪደሩ ላይ፣ ጀርባው የላላ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወዲያው የማሰልጠኛው ባለቤት ደወለ።

"ስማ፣ ብዙ እንዳታወራ። ተማሪ ነች፣ ተሳሳተች፣ አለቀ። አንተ ፍሬን ረግጠሃል አይደል? እሱን ብቻ ተናገር።"

"ሰውየው እግሩ ተሰብሯል።"

"እግዜር ይማረው። እኔ የማወራህ ስለ አንተ ነው። የማስተማር ፈቃድህን ቢነጥቁህ በዚህ ዕድሜህ የት ልትገባ ነው?"

ስልኩን ዘጋው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም። አለቃው በክፋት አልነበረም የመከረው፤ እሱም ስልኩ ከመደወሉ በፊት ራሱን በዚያው ቃል ሲመክር ነበር። ያሳፈረውም ይህ ነው።

ተማሪዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራለች። ልብስ ሰፊ ናት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍታ በራሷ መኪና ለማድረስ ብላ ነው በአርባ ዓመቷ መንዳት መማር የጀመረችው። ዛሬ አስራ ሁለተኛ ቀኗ ነው።

"ጋሼ።"

"ወይ።"

"ሰውየውን አይቻቸው ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እለፉም ብያቸው ነበር። እርስዎ ሂጂ ሲሉኝ ግን ዓይኔን ተጠራጠርኩ። አደባባዩም ላይ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ አሁንም ጋሼ ያዩት ነገር ይኖራል አልኩ።"

ክው አለ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

"ይህን ታዲያ ለፖሊሷ ለምን አልነገርሻትም?"

"ውይ ጋሼ! እንዴት ብዬ? አስተማሪዬን?" ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "አሁን ስገባ ምን ልበል? እርስዎ ያውቁታል። በሉ የሚሉኝን እላለሁ።"

አያት። ከልቧ ነው። አስራ ሁለት ቀን ሙሉ ቁሚ ሲላት ስትቆም፣ ሂጂ ሲላት ስትሄድ ኖራ፣ አሁንም የሚቀጥለውን ትእዛዝ እየጠበቀች ነው። አንድ ነገር ቢላት ገብታ ቃል በቃል ትደግመዋለች፤ ጥፋቱን ተሸክማ ትወጣለች፤ ዳግመኛም መሪ አትጨብጥም። እሱ ግን ነገ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ይቆማል። ሰውየው መኪናዋ ፊት ሲወድቅ እንኳ እንደዚህ አልደነገጠም።

በሩ ተከፈተ። ፖሊሷ ናት፤ ክንዷ ሥር ፋይል ይዛለች። "ተማሪዋ ትግባ።"

ተማሪዋ ብድግ አለች። ዓይኗ አስተማሪው አፍ ላይ ነው።

"ቁጭ በይ" አላት እየተነሳ። "እኔ እቀድማለሁ።"

"እኔስ ጋሼ? ምን ልበል?"

"እኔን አትጠይቂኝ። ዓይንሽ ያየውን ተናገሪ።"

ተከትሏት ገባ። ፖሊሷ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችው። "የጠራሁት እሷን ነበር።"

"አውቃለሁ። ከኔ ቢጀመር ይሻላል።"

ፖሊሷ አዲስ ወረቀት አወጣች። "እሺ። መሻገሪያው ጋ ስትደርሱ ምን ሆነ?"

"ከመሻገሪያው አይደለም የሚጀምረው" አለ ወንበሩን ስቦ እየተቀመጠ። "ከአደባባዩ ይጻፉልኝ። እዚያ ነው የጮህኩባት።"