የጆማር ድርሻ

ልጁ የሁሉንም እጅ በየተራ ይዞ ግንባሩን አስነክቶ ሲጨርስ፣ በጠረጴዛው ራስ ወዳለው ባዶ ወንበር ዞሮ ቆመ። በየጠዋቱ እንዲሁ ነው። በሀገሩ በፊሊፒንስ ልጅ ትልቅ ሰውን ሰላም የሚለው እጁን ይዞ ወደ ግንባሩ በመውሰድ ነው። መጀመሪያ የአያቱን የቲነከን እጅ ይይዛል፣ ቀጥሎ የአዲሷን እናቱን የማሪያነን። አዲሷ እህቱ የአሥር ዓመቷ ኤልከ ገና ልጅ ስለሆነች ይህ ክብር አይገባትም፤ ግን ከሁሉም ቀድማ እጇን ትዘረጋለች፣ እሱም እየሳቀ ይይዝላታል። ከዚያ በኋላ ግን ሁልጊዜ አንድ እጅ ይጎድለዋል።

"ኦፓ ዛሬም የለም?" አለ ጆማር።

በዚህ ቤት ወንድ አያት ኦፓ ነው፣ ሴት አያት ኦማ ናት። ጆማር ሁለቱን ቃላት ከመምጣቱ በፊት ያውቃቸው ነበር።

"ዛሬም የለም" አለች ቲነከ። "ቁጭ በል፣ እንቁላልህ ይቀዘቅዛል።"

ማሪያነ የተጠበሰውን እንቁላል ሩዙ ላይ ገለበጠችለት። ልጁ ሩዙን በማንኪያው ነካ ነካ አደረገና ወደ ኤልከ ጆሮ ተጠጋ።

"እማማ ሩዙን ገንፎ አደረገችው።"

"ሰምቼሃለሁ" አለች ማሪያነ።

"ጥሩ ገንፎ ነው" አለ ጆማር ቶሎ ብሎ።

ሁሉም ሳቁ። ቲነከም ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ግን ወደ ባዶው ወንበር አየች። እንዲህ ያለ ንግግር ሲሰማ ጉልበቱን በጥፊ እየመታ የሚስቀው ክላስ ነበር።

ባሏ ክላስ የሞተው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ላሞቹን አስገብቶ በሩን ዘግቶ ሲመለስ ግቢው መሃል ወደቀ፤ ዳግመኛ አልተነሣም። ያን ጊዜ የልጁ የጉዲፈቻ ጉዳይ አልቆ፣ የቀረው ሄዶ ማምጣት ብቻ ነበር። የጉዲፈቻ ባለሙያዋ ሞቱን ስትሰማ፣ "ይህን ልጁ ካለበት መጠለያ ሠራተኞች አይስማ፤ ከራሱ ቤተሰብ አፍ ይስማው" አለች። ልጇ ጌሪትና ሚስቱ ማሪያነ ይህን ቃል በአፋቸው ይዘው ልጁ ወዳለበት ከተማ ወደ ሴቡ በረሩ፤ ከልጁ ጋር ሲመለሱም ቃሉ እዚያው አፋቸው ውስጥ ነበር።

ልጁ ደግሞ ቦርሳውን አልፈታም። ማሪያነ ሁለት መሳቢያ ባዶ አድርጋ ብትሰጠውም፣ ካልሲ ሲፈልግ ከቦርሳው ያወጣል፣ ሲጨርስ መልሶ ይዘጋዋል፣ ሲተኛም ትራሱ አጠገብ ያደርገዋል። ቲነከን የሚያስፈራት ያ ቦርሳ ነው። ይህ ልጅ ስለዚህ ቤት መጀመሪያ የሚያውቀው ነገር ሰዎቹ እንደሚዋሹ ከሆነ፣ ቦርሳው መቼም ላይፈታ ይችላል።

ጌሪት ከላሞቹ ሲመለስ ከጓሮ በር ላይ ያዘችው። የጎማ ቦት ጫማውን እየጎተተ ያወልቃል።

"ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የአባትህን ቦታ ባዶ ሆኖ ሊያየው ነው። ንገረው።"

"ከምሳ በኋላ።"

"ትናንትም ከምሳ በኋላ ብለህ ነበር።"

"ትናንት ላሟ ልትወልድ አልነበረም እንዴ?"

"አንተ አይደለህ የምትወልደው።"

ጌሪት አንድ እግሩን በቦት፣ አንዱን በካልሲ እንዳደረገ ቀና አለ። "አንቺ ለምን አትነግሪውም ታዲያ?"

"እኔ ሚስቱ ነኝ።"

"እኔስ ልጁ አይደለሁም?"

ወደ ክፍሏ ገብታ ካፖርቷን ለበሰች። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሻርፖቿ ስር፣ አንዲት ሰማያዊ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣችና ሳትከፍታት የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ይህን ልጅ ብዙ ጠብቀውታል። ኤልከ ገና ትንሽ ሳለች ነው በማዕድ ላይ ወንድም ስጠኝ ብላ የጸለየችው፤ ማሪያነ ሌላ እንደማትወልድ ትልልቆቹ ያውቁ ነበር። ጸሎቱን ዝም ብሎ ያልዘለለው ክላስ ነው። "ልጅቷ የጠየቀችው ወንድም ነው እንጂ በዚህ መንገድ ይምጣ አላለችም" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምግቡ፣ "ጌታ ሆይ፣ ገና ስሙን ያልነገርከንን ልጅ ጠብቅልን" ይል ነበር። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ የሚጸልይበት ቀን ነበር።

ባለሙያዋ ቤቱን ልታይ ስትመጣ በፍግ ኩሬው ዙሪያ አጥር አሠርታለች፣ የሳሎኑን ምንጣፍ እያነሣች አይታለች፣ ሁሉንም ለየብቻ ጠይቃለች። ክላስንም፣ "የማይመስልዎትን ልጅ እንደ ልጅ ልጅዎ መቀበል ይችላሉ?" አለችው። "ጌሪትን አይተሽዋል? እሱም እኔን አይመስልም፤ ተቀብዬዋለሁ" አላት። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች።

ከብዙ መጠበቅ በኋላ አንድ ቀን የልጁ ስም መጣ። ጆማር። ክላስ ስሙን ደጋግሞ ጠራውና፣ "እሱ ከመጀመሪያው ያውቀዋል፤ እኛን ነው ያስጠበቀን" አለ ወደ ጣሪያው እያየ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር በስክሪን ይነጋገሩ ጀመር። ሌሎቹ ምን እንደሚሉት ሲጨንቃቸው ክላስ አንዲት ነጭ የናና ከረሜላ ወደ ስክሪኑ ያስጠጋል። ልጁ አፉን ይከፍታል። "ይህቺ ያንተ ድርሻ ናት" ይለዋል ክላስ፣ ሰማያዊው ሣጥን ውስጥም ይጥላታል። "ስትመጣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእኔ በኩል ትቀመጣለህ። ፓስተሩ መስበክ ሲጀምር እጅህን ትዘረጋለህ። የቀረው የእኔ ሥራ ነው።" ልጁም ከባሕር ማዶ እጁን ይዘረጋል። በየጊዜው ይለማመዱ ነበር።

መንገዱ ዳር ያለው ሣር አመዳይ ለብሷል። ግራሮቹ ቢጫ ማበብ ጀምረዋል። መኪናው ውስጥ ኤልከ የጎረቤቶቹን ላሞች እያሳየች የትኛዋ ሞኝ እንደሆነች ታስረዳዋለች፤ ጆማር መስኮቱን በትንፋሹ እያደበዘዘ በጣቱ ይጠርጋል። ቲነከ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ልጁ ሥራውን ቀጠለ፤ ያገኘውን ሽማግሌ ሁሉ እጁን ያዘ። እነዚህ ከሆላንድ በመርከብ ወደዚህ አገር የመጡ ላም አርቢዎች መተቃቀፍ የማይወዱ፣ ሰላምታቸው በአንገት የሆነ ሰዎች ናቸው፤ እጃቸው ወደ ልጅ ግንባር ሲሄድ ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። የክላስ የዘመናት ጓደኛና የዘመናት ተከራካሪ ባውከ ደግሞ የተጨበጠ መስሎት እጁን ወደ ላይ ወደ ታች ናጠው፤ የልጁም ራስ አብሮ ተናጠ።

"ጠንካራ ነው" አለ ባውከ ለቲነከ። "ላም ማለብ ይችላል።"

"መጀመሪያ ጭንቅላቱን መልስለት" አለችው።

በአግዳሚው ተደረደሩ፦ ከግድግዳው በኩል ጌሪት፣ ኤልከ፣ ማሪያነ፣ ጆማር፣ ከዚያ ቲነከ። ከእሷ ቀጥሎ በመተላለፊያው ጫፍ የክላስ ቦታ አለ። ከቀብሩ ወዲህ በየእሑዱ የእጅ ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች፤ ማንም ሰው አለበት ወይ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ዛሬም አስቀመጠችበት። ጆማር ቦርሳውን አየ።

ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ተነበበ። ፓስተሩ ከብርጭቆው ውሃ ጎንጨት ብሎ መስበክ ሲጀምር፣ ከየአግዳሚው የወረቀት ድምፅ ተሰማ። የናና ከረሜላ ከጫፍ ተነሥቶ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። አያቶቻቸውም በስብከት ጊዜ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከክላስ ሞት ወዲህ ዝም ያለው የእነሱ አግዳሚ ብቻ ነው።

ጆማር ድምፁን ሲሰማ ራሱን ቀና አደረገ። ከዚያም እጁን በቲነከ ጉልበት ላይ አሳልፎ፣ መዳፉን ወደ ላይ ከፍቶ፣ ወደ ባዶው ቦታ ዘረጋ።

ማሪያነ ክንዱን በቀስታ ዝቅ ልታደርገው ሞከረች። እጁ ተመልሶ ወጣ። ጌሪት ጫማውን ያያል። ፓስተሩ ስለ ዘሪው ምሳሌ ይናገራል፤ ቲነከ የሚታያት ግን ያቺ ትንሽ መዳፍ ብቻ ናት። የምትጠብቅ ነበረች።

ቲነከ በዕድሜዋ ሙሉ ስብከት አቋርጣ ወጥታ አታውቅም። ጌሪትን ያረገዘች ጊዜ ምጥ የያዛት እዚሁ አግዳሚ ላይ ነው፤ እስከ አሜን ቆይታ ነው የሄደችው። አሁን ቦርሳዋን አነሣች፣ የተዘረጋውን እጅ ያዘችና በመተላለፊያው መሃል ልጁን ይዛ ወጣች። ፓስተሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጠፋበት።

መቃብሩ ከመንገዱ ማዶ ነው። ድንጋዩ ገና ስላልደረሰ፣ በባሕር ዛፎቹ ስር ስሙ የተጻፈበት እንጨት ብቻ ቆሟል።

"ኦፓ እዚህ ነው" አለችው። "ሞቷል። አንተ ሳትመጣ ነው የሞተው። ልንነግርህ ይገባ ነበር፤ አልነገርንህም።"

ልጁ እንጨቱን አየ፣ አፈሩን አየ።

"አውቃለሁ" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ማንም ካልነገረኝ ሞቷል ማለት ነው። ሎላ ስትሞትም ሁሉም 'ዛሬ የለችም' ነበር የሚሉኝ።"

ሎላ መጠለያ እስኪገባ ያሳደገችው አያቱ ነበረች። ቲነከ ጉልበቷን እያመማት ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

"እያወቅህ ታዲያ በየጠዋቱ ለምን ትጠይቀን ነበር?"

"እስክትነግሩኝ።"

"ዛሬስ? እጅህን ለምን ዘረጋህ?"

ጆማር በጣም ግልጽ የሆነ ነገር እንደተጠየቀ ሰው አያት። "ከረሜላው አልሞተም!"

ሳቋ ሳታስበው ፈነዳ። እንጨቱን ይዛ ሳቀች፤ ባርኔጣዋ ተንሸራቶ ጆሮዋ ላይ እስኪቀር ሳቀች። እንባውም መጣ፣ ግን ሳቁ ነው የቀደመው። ልጁ በጨዋነት እስክትጨርስ ቆየና ወደ ቦርሳዋ ተመለከተ።

ሣጥኗን ከፈተችለት። እስከ አፏ ሙሉ ናት።

"ይህ ሁሉ የእኔ ነው?"

"ባወራችሁ ቁጥር ያስቀምጥልህ አልነበር?"

አንዷን አፉ ውስጥ ከተተ። ዓይኖቹ ወዲያው ውሃ ሞሉ።

"ያቃጥላል።"

"ትፋው፣ ግድ የለም።"

"አልተፋም" አለና ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወራት። ሣጥኗን ለቲነከ አስይዞ ተንበረከከ። እጁን አፈሩ ላይ ዘረጋ፣ ጎንበስ ብሎም ግንባሩን በእጁ ጀርባ ላይ አስነካ። ሲነሣ ሁለቱም ጉልበቶቹ ጭቃ ነበሩ።

"አሁን ሁሉንም ሰላም አልኩ" አለ። ሱሪውን ሲያይ ደነገጠ። "እማማ ትቆጣኛለች?"

"እኔን ነው የምትቆጣው። ና።"

መንገዱን ሲሻገሩ እጇን ሳብ አደረገ።

"ኦማ፣ የላይኛው መሳቢያ ነው የእኔ ወይስ የታችኛው?"

"ሁለቱም።"

"ሁለቱንም የሚሞላ ልብስ የለኝም።"

"ይኖርሃል።" ትንሽ ቆይታም፣ "ኤልከ ግን አንዱን ልትሰርቅህ ትሞክራለች፤ እንዳትሰጣት" አለችው።

ሲገቡ ሁሉም ዞሮ አያቸው፤ ፓስተሩ ገና ግማሹ ላይ ነበር። ማሪያነ ዓይኗ ቀልቷል። የልጁን ጉልበት አየች፣ ከዚያም የቲነከን ጠማማ ባርኔጣ አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

ጆማር ሣጥኗን በደረቱ አቅፎ መተላለፊያው ላይ ቆመ፤ ወደ ቀድሞው ቦታው እንዲያልፍ ቲነከ መንገድ እስክትለቅለት ይጠብቃል። እሷ ቦርሳዋን እንደ ልማዷ ጫፉ ላይ ልታስቀምጥ ዘረጋች። የአግዳሚው እንጨት የክላስ ክንድ ባረፈበት በኩል ለስልሶ ያበራል። እጇ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ቦርሳውን መሬት አደረገችው፣ ወደ ውስጥ ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠችና ባዶውን ጫፍ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

"እዚህ" አለችው በሹክሹክታ። "ከዚህ ጫፍ ነው የሚጀምረው።"

ጆማር አግዳሚው ላይ ወጥቶ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። እግሮቹ መሬት አይደርሱም። ሣጥኗን ሲከፍት መላው ቤተ ክርስቲያን እስኪሰማ ተንኳኳች። አንዷን ለቲነከ ሰጣት፤ እሷ ለማሪያነ አቀበለች፣ ማሪያነ ለኤልከ፣ ኤልከ ለጌሪት፤ እንዲሁ አንድ አንድ ለሁሉም እስኪዳረስ። ጌሪት አፉ ውስጥ ከጨመረ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደ መስኮቱ ሲያይ ቆየ።

ከኋላቸው ከአግዳሚው በላይ አንድ የተሰነጣጠቀ ትልቅ እጅ መጣ፤ መዳፉ ተከፍቷል። የባውከ ነው። ጆማር ወደ ቲነከ ዞረ።

"ድርሻው ያንተ ነው" አለችው። "አንተ ታውቃለህ።"

ልጁ አሰበበት። ከዚያ የባውከን እጅ ይዞ ግንባሩን አስነካና አንዲት ከረሜላ መዳፉ ላይ አኖረ፤ ጥቂት አይቶት ደግሞ ሁለተኛ ጨመረለት። ቲነከ ወደ ፓስተሩ ዞረች፤ ቦርሳዋንም በተረከዟ ገፍታ ከአግዳሚው ስር ወደ ውስጥ ሰደደችው።