የማን ጠበቃ ነሽ?

የሃጋር ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንደገና ተንቀጠቀጠ። አጠገቧ የተቀመጠው የባንክ ጠበቃ ገላመጣት። ማን እንደሆነ ሳታይ ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ማን ይሆናል፤ ያሮን ነው እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ ከአለቃዋ ከያሮን በቀር የደወለላት የለም። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ማለት ይሄው ነው።

«ደንበኛችሁ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ መድረኩ ላይ የቆመው ሊኦን። ዕድሜውን በአንድ የመርከብ ድርጅት ጠበቃነት ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሁን የኩባንያ ጠበቆችን እየዞረ ያስተምራል።

«ኩባንያው!» አሉ ከየወንበሩ።

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«አይደለም!»

«ደሞዛችሁን የሚፈርመውስ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሃጋር ለመሳቅም አቅም አጣች። ሁሉም መልሱን ያውቃል፤ ነገ ቢሮው ሲገባ ግን እንዳልሰማ ይሆናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሆቴሉ ካርሜል ተራራ አናት ላይ ነው፤ በመስኮቱ ወደቡና የፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫዎች ቁልቁል ይታያሉ። እሷ በጠበቃነት የምትሠራበት የታሸገ ሰላጣ ፋብሪካም እዚያው ጭጋጉ ውስጥ የሆነ ቦታ አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከሥራ አንድ ቀን አርፋለሁ ብላ እስራኤሎች ሂሽታልሙት ወደሚሉት የሙያ ስልጠና መጥታ፣ ሥራው ተራራ ወጥቶ ተከተላት።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለ ሊኦን። «አደጋ ሲደርስ ሠራተኛውን ልታነጋግሩ ትሄዳላችሁ። ከሰላምታ ቀጥሎ የምትናገሩት ይህን ነው፦ እኔ የኩባንያው ጠበቃ ነኝ፤ ያንተ አይደለሁም። ሰውየው ፊቱ ይለዋወጣል። ቢሆንም በሉት። ሳትሉት ከሰማችሁት ግን ሰርቃችሁታል።»

ሃጋር ይህንን አልጻፈችም። የሚረሳ ነገር አይደለም።

የሻይ ዕረፍት ሲሆን በረንዳው ላይ ወጥታ ስልኩን አነሳች።

«የት ጠፋሽ?» አለ ያሮን።

«ሂሽታልሙት ላይ ነኝ። ራስህ ነህ የላክኸኝ።»

«ጥሩ፣ ተማሪ። ወረቀቱን በኢሜይል ልኬልሻለሁ፤ እስከ ማታ ፈርመሽ መልሺልኝ። የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው ነገ ጠዋት ይመጣል።»

«ያሮን፣ እኔ የጽዳት ሠራተኞቹ ስልጠና ላይ አልነበርኩም።»

«ሕንፃው ውስጥ ነበርሽ።»

«ፎቅ ላይ፣ ቢሮዬ ውስጥ!»

«ታዲያ ማን ይፈርም? እኔ አማርኛ እችላለሁ? ሕጉ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይሠልጥን ይላል። አማርኛ የምትችይ አንቺ ብቻ ነሽ። ደግሞ ሴትዮዋም ገባኝ ብላለች። አሠልጣኙ ጠይቋቸው ሁሉም ቤሰደር ነው ያሉት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘርፈሽ የሚባሉ የጽዳት ሠራተኛ ከትናንት በስቲያ በረኪናና የዝቃጭ ማስለቀቂያ አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቀሉ። የወጣውን ጋዝ ምገው እዚያው ወደቁ። ያሮን የላከው ወረቀት ደግሞ በስልጠናው ቀን ጠበቃ ሃጋር በአማርኛ አስተርጉማላቸዋለች ይላል። ስሟ ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማዋ ነው።

ያንን ቤሰደር፣ የዕብራይስጡን እሺታ፣ ሃጋር ታውቀዋለች። ክርያት ቢያሊክ የምትኖረው እናቷ ሐኪም ዘንድ ገብታ ቤሰደር፣ ቤሰደር እያለች ትወጣለች። «ምን አለሽ?» ሲሏት «እኔ እንጃ፤ ደግ ሰው ነው» ትላለች። ቤሰደር ማለት ገባኝ ማለት አይደለም፤ አክብሬሃለሁ፣ አትድከም ማለት ነው። ይህን ለያሮን በየትኛው ቋንቋ ታስረዳው?

«እምቢ ብልስ?» አለችው።

«አታድክሚኝ፣ ሃጋር። ባለቤቶቹ የራሳችን ጠበቃ ለምን ያስፈልገናል ማለት ጀምረዋል። እኔ ነኝ የምከላከልልሽ።» ከዚያ ድምፁን አለዘበው። «ደግሞ ሆስፒታል ሂጂና አነጋግሪያት። ያገርሽ ሰው ናት፤ አንቺን ትሰማለች።»

ያሮን ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀላት ነበር። የአባቷን የሐበሻ ስም እያዩ ማመልከቻዋን የመለሱላት ብዙ ናቸው፤ የቀጠራት እሱ ነው። ነሸር ላይ የገዛችውን ቤት የባንክ ብድር፣ ማሽካንታውን፣ የምትከፍለው በዚሁ ደሞዝ ነው። ሌላ ሥራ እስክታገኝ ባንኩ አይጠብቃትም። ይህን ሁሉ እያሰበች የከሰዓቱን ትምህርት ትታ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሆስፒታሉ ታች፣ ባሕሩ ዳር ነው። ዘርፈሽ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ገና ስትገባ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! መጣች!» አሉና ሳል አቋረጣቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ጎን አልጋ ላይ ወደተኙት ሩሲያዊት አሮጊት ዞሩ። «ኦሬኸት ዲን! ሸሊ፣ ሸሊ!» ደረታቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ጠበቃ ናት፤ የኔ ናት ማለታቸው ነው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሃጋር ሊኦን ያለውን ልትናገር አፏን ከፈተች። ዘርፈሽ ግን ጎንደር ላይ፣ ወደ እስራኤል የመምጫውን ተራ ሲጠብቁ፣ የእናቷ የግድግዳ ጎረቤት ነበሩ። ሃጋርን ሕፃን ሳለች አዝለዋታል። እንዴት ተብሎ ይባላል?

«ትንፋሽዎ እንዴት ነው፣ እትዬ ዘርፈሽ?» አለች።

«እግዜር ይመስገን፤ ይሄዳል ይመጣል። ተቀመጪ። ከስተሻል፤ አትበዪም እንዴ?»

«እበላለሁ።»

«ውሸታም» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አለቃሽ ደውሎልኝ ነበር። ልጄ ሺራን እያስተረጎመችልኝ አወራሁት። ሃጋር ናት ያስተረጎመችልሽ አይደል? አለኝ። አዎ አልኩት።»

«እንዴ! ለምን? እኔ እኮ አልነበርኩም!»

«መች አጣሁት? ያ የሚያሠለጥነው ቀዩ ልጅ ነው የተናገረው፤ በዕብራይስጥ፣ ቶሎ ቶሎ። ሁላችን ቤሰደር አልነው። ላብ በላብ ሆኖ፣ አልገባንም ብለን እናሳፍረው? እሺ ይበልጣል ከሺ።»

«በረኪናና አሲድ አይቀላቀልም ብሏችሁ ነበር?»

«ብሎ ይሆናላ። እኔ ሁለቱ ሲሆኑ ይበልጥ ያጸዳሉ ብዬ ነው።»

«ነገ ተቆጣጣሪው ቢጠይቅዎትስ?»

«ሃጋር ነግራኛለች፤ እኔ ነኝ የረሳሁት እለዋለሁ። ታዲያ አንቺን እንዲያስወጡብን ነው? ከዚያ ሁሉ ሰፈር የወጣች አንዲት ጠበቃ አለችን። እኔ እንደሆንኩ አርጅቻለሁ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

ሃጋር አንገቷን ደፋች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ትፈርማለች፣ ቤቷ ትገባለች፣ ትተኛለች። ያሮን ደስ ይለዋል፣ እትዬ ዘርፈሽም ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ግን ጥፋቱ የራሳቸው ነው ተብሎ እኚህ ሴት ቲራት ካርሜል ወዳለው ቤታቸው ከነሳላቸው ይሰደዳሉ፤ ካሣም፣ ይቅርታም የለም። የበረኪናውና የአሲዱ ጀሪካኖች ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ጎን ለጎን እዚያው ናቸው፤ ነገ ጠዋት ከጽዳት ሠራተኞቹ ድንቄ ወይ ዘሪቱ ታነሳቸዋለች። እሷም ቤሰደር ብላለች። ሃጋር ደከማት፤ ከድካሙ ሥር ግን ንዴት አገኘች። በማን እንደተናደደች አላወቀችም።

«እትዬ ዘርፈሽ» አለች። «ስገባ ልልዎት የሚገባኝን ዋጥኩት። ያስከፋዎታል። እኔ ያንቱ ጠበቃ አይደለሁም።»

ዘርፈሽ አፍንጫቸው ላይ ያለውን ቱቦ አስተካከሉ።

«የኩባንያው ነኝ። የላከኝ ያሮን ነው። የነገሩኝን ሁሉ ሊጠይቀኝ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በላይ አይንገሩኝ፤ ስለ እኔም ብለው አይዋሹ። ሺራን ሌላ ጠበቃ ትፈልግልዎት፤ ያንቱ ብቻ የሆነ።»

ዘርፈሽ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እ» አሉ። አገር ቤት የለመዱት፣ አፍ የማይከፈትበት እሺታ ነው። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

«አይ፣ እንደሱ አትበዪኝ!» አለች ሃጋር። «ያልኩትን መልሰሽ ንገሪኝ!»

«አንቺ አልሽኝ?»

«ይቅርታ፤ ይቅርታ፣ እትዬ። መልሰው ይንገሩኝ።»

ዘርፈሽ ወደ ጎን አልጋ ሰረቅ አድርገው ተመለከቱ፤ ሩሲያዊቷ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የአልጋ ልብሱን ጫፍ እያፍተለተሉ ቆዩ።

«የኔ አይደለሽም አልሽኝ» አሉ በመጨረሻ። «የኔ ጠበቃ ሌላ ነው። ስለ ሃጋር ብለሽ አትዋሺ። ያልገባሽን አልገባኝም በዪ።»

«የመጨረሻውን እንኳ አላልኩም።»

«ማለትሽ ግን እሱን ነው።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንዲያው ታሳዝኛለሽ። ምን ያለ ሥራ ነው የያዝሽው?»

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሃጋር ኮሪደር መውጣት ትችል ነበር፤ አልወጣችም። አልጋው አጠገብ እንደተቀመጠች አነሳችውና በዕብራይስጥ ተናገረች። በእርጋታ ነው፤ ለመጮህ አቅሙም አልነበራትም። ያሮን ያዳምጥ ነበር፤ ከዚያ መጮህ ጀመረ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። የምትለውን ጨርሳ ዘጋችው።

«ምን አልሽው?» አሉ ዘርፈሽ።

ሃጋር ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«ያን ቀን አላስተረጎምኩም፤ ስለዚህ አልፈርምም አልኩት። ተቆጣጣሪው ከጠየቀኝም ይህንኑ እነግረዋለሁ። ነገ ማንም ባልዲ ሳያነሳ፣ ሴቶቹ ሁሉ ይሰብሰቡና ስልጠናው እንደ አዲስ ይሰጥ፤ ያኔ እኔ ቆሜ አስተረጉማለሁ አልኩት። እስከዚያ ካላባረርከኝ፣ አልኩት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ገባዎት?»

ዘርፈሽ አየሩን ወደ ውስጥ ሊስቡ ጀምረው ተዉት።

«አልገባኝም» አሉ። «ድገሚልኝ።»

ሃጋር ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችላቸው።